ከመጨረሻው ጀምሩ፦ ደሴ ላይ ለመካከለኛው ዘመን ታሪክ ጀማሪ የሚሆኑ አራት መጻሕፍትና አንድ ጉዞ ሲመዘኑ

«የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ለሚል ሰው የተለመደው መልስ «ከአክሱም ጀምረህ ውረድ» ነው። በዚህ መንገድ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ዛጔ ሳይደርስ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ስንፍና ሆኖበት አይደለም። የዚያ ዘመን ምንጮች ጥቂትና የተቆራረጡ ናቸው፤ የነገሥታቱም ዝርዝር ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ጀማሪው ከሰዎቹ ጋር ሳይተዋወቅ የስም ሸክም ይጫንበታል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላለ ሰው የምንመክረው መንገድ ተቃራኒው ነው፤ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድ። መነሻው የዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ይሁን (1508–1540፤ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ዘመን ሁለት የዓይን ምስክር ያህል የሚቆጠሩ ሰፋፊ ጽሑፎች አሉን፤ አንዱ በክርስቲያን ቄስ፣ ሌላው በሙስሊም ፈቂህ (የሕግ ሊቅ) የተጻፈ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚሁ ስለምንረግጠው ምድር ነው። የሚከተሉት አራት መጻሕፍትና የአንድ ቀን ጉዞ የተመዘኑት በዚህ ሐሳብ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይጥራ። የደሴ ከተማ ራሷ የመካከለኛው ዘመን ከተማ አይደለችም። ከተማነቷ የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ «አይጠየፍ» የተባለው የግብር አዳራሽም የንጉሥ ሚካኤል ነው። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል፤ ከዚያም በፊት ቢሆን ጥንካሬው በቅርቡ ዘመን ላይ ነበር። ስለዚህ ልብነ ድንግልን ፍለጋ ወደ ሙዚየሙ አትሂዱ፤ ለሌላ ትምህርት ግን ሂዱ። የመካከለኛው ዘመን ሰው ይህን አካባቢ «ወሎ» ብሎም አያውቀውም። አገሩ ቤተ አምሐራ ነው፤ የደሴ አካባቢ ላኮመልዛ ይባል ነበር፤ ወደ ሰሜን አንጎት፣ ወደ ደቡብ ይፋትና ገደም አሉ። «ወሎ» የሚለው ስም የመጣው ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ከሰፈረው የኦሮሞ ጎሳ ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ «አምሐራ» የሚለውን ቃል በድሮ መጽሐፍ ባየ ቁጥር የዛሬውን ክልል እያሰበ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ የጦር ጉዞው ሁሉ ይዞርበታል።

የመጀመሪያው ግዢ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከአፄ ልብነ ድንግል እስከ አፄ ቴዎድሮስ» ይሁን። በአማርኛ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር አናውቅም። አማርኛው ንጹሕ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ አይጠማዘዝም፤ ታሪኩ በየነገሥታቱ ዘመን ስለተከፋፈለ የቆሙበትን ቦታ ማግኘት ቀላል ነው። ግን ሙሉውን አታንብቡ። የልብነ ድንግልንና የገላውዴዎስን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ዝጉት፤ ዘመነ መሳፍንትና ቴዎድሮስ ሌላ ጊዜ ይደረስባቸዋል። በቀን አሥር ገጽ ቢነበብ ይህ ክፍል ከሁለት ሳምንት አያልፍም። የዚሁ ደራሲ «የግራኝ አሕመድ ወረራ» ደግሞ ሁለቱ ነገሥታት ከኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጋር ያደረጉትን ጦርነት አስፍቶ ስለሚሄድበት በሁለተኛ ደረጃ ይገዛል።

ድክመቱም መነገር አለበት። በነገሥታት ዘመን የተከፈለ ታሪክ ነገሥታትን ያሳያል እንጂ ገበሬውን፣ ነጋዴውንና ደብተራውን በሚገባ አያሳይም። የይፋትና የአዳል ሱልጣኖች ብቅ የሚሉት ከንጉሡ ጋር ሲጋጩ ስለሆነ የራሳቸው ታሪክ የሌላቸው ይመስላሉ። ለዚህ ነው መጽሐፉ ብቻውን የማይበቃው።

አሮጌ ቅጂ ወይም ፎቶ ኮፒ የምትገዙ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የገጹ ቁጥር ሳይዘል መሄዱን ከመሐል ሁለት ሦስት ቦታ ከፍታችሁ አረጋግጡ፤ በድጋሚ የተጠረዘ መጽሐፍ አንድ ጥራዝ ሙሉ ሊጎድለው ይችላል። ሁለተኛ፣ ካርታ ካለው አለመገንጠሉን ተመልከቱ። ሦስተኛ፣ ዓመተ ምሕረቶቹ ይነበባሉ ወይ? በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ 3ና 8 አንድ ይመስላሉ። ልብ ወለድ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ በታሪክ መጽሐፍ ግን ሃምሳ ዓመት ያሳስታል።

ዓመት ካነሳን፣ ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሰናክለው የዘመን አቆጣጠሩ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ መጽሐፍ በእኛ ይቆጥራል፤ ሌላው በፈረንጅ፤ የዐረብኛው ምንጭ በሂጅራ፤ ብራናው ደግሞ ከዓለም ፍጥረት በሚነሣው በዓመተ ዓለም። የተጠቀሙበትን አቆጣጠር ፊት ለፊት የማይናገሩ መጻሕፍት ሞልተዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ የተጋጠሙበትን የሽምብራ ቁሬን ጦርነት ፈልጉ። 1521 ካለ በእኛ ነው፣ 1529 ካለ በፈረንጅ፣ 935 ካለ በሂጅራ። ውጤቱን በመጽሐፉ ሽፋን ጀርባ በእርሳስ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ ስሌቱ ይህ ነው። ከእኛ ወደ ፈረንጅ ለመሄድ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ለተቀረው ወር 8 ይጨመራል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱን ዓመት በዘንግ ለዩ፤ 1273 ዓ.ም.ን 1280/81 እንደማለት። ዝም ብሎ 8 መጨመር ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ሂጅራ በጨረቃ ስለሚሄድ ዓመቱ አጭር ነው፤ 33 የሂጅራ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ያህላል። ግምቱን ለማግኘት የሂጅራውን ዓመት በ97 አባዝታችሁ ለ100 አካፍሉና 614 ጨምሩ፤ በእኛ አቆጣጠር ይመጣል። 935ን ሞክሩት፤ 907 ገደማ ይሆናል፤ 614 ሲጨመርበት 1521። ሽምብራ ቁሬ ማለት ነው።

ዓመተ ዓለም ከሁሉ ይቀላል፤ 5500 መቀነስ ብቻ ነው። አስቸጋሪው የግእዝ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ለምሳሌ ፷፯፻፸፫ የሚል ብታዩ ከግራ ጀምራችሁ እስከ ፻ ያለውን በመቶ አንብቡ፤ ፷፯ ስድሳ ሰባት ነው፣ ፻ ሲከተለው ስድሳ ሰባት መቶ ይሆናል፤ ከ፻ በኋላ ያለው ፸፫ ደግሞ ሰባ ሦስት። 6773 ሲቀነስ 5500፣ 1273 ዓ.ም. ይሆናል። ዜሮ የሌለው አጻጻፍ ስለሆነ ቤት በቤት ለማንበብ የሚሞክር ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ በጥንት ብራና «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቃል አንዳንዴ ዛሬ የምናውቀው ሳይሆን በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ዙር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ከንጉሡ ዘመን ጋር በመቶዎች ካልገጠመ ጸሐፊው ተሳስቷል ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሁለተኛው መጽሐፍ የፖርቱጋላዊው ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጉዞ ጽሑፍ ነው። አልቫሬዝ በ1520 ምፅዋ ገብቶ እስከ 1526 አገራችን ውስጥ ቆይቷል፤ ጽሑፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ። በ1881 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም የባለመብትነት ጊዜው ስላለፈ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ይወርዳል። ስለዚህ ገንዘብ አትጨርሱበት። አልቫሬዝ ያየውን በመጠንና በቁጥር የሚጽፍ ሰው ነው። ገበያውን፣ መንገዱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር፣ ድንኳኑን፣ የሚበላውን ይጽፋል። ስለ አገራችን የ16ኛው መቶ ዘመን ኑሮ ይህን ያህል የሚነግረን ጽሑፍ ጥቂት ነው።

የሚያስቸግረው የስሞቹ አጻጻፍ ነው፤ ቁልፉን ካገኛችሁት ግን ደስ ይላል። ንጉሡን ሁልጊዜ «ፕሬስተር ጆን» ይለዋል። ፖርቱጋሎች የ«ሸ»ን ድምፅ በኤክስ ፊደል ስለሚጽፉ በኤክስ የሚጀምረው «ሾዋ» ሸዋ ነው። «ባርናጋይስ» የሚለው ባሕር ነጋሽ ነው፤ «ቤቱደቴ» ቢትወደድ፤ «አቢማ» አቡን፤ «ካቤአታ» ደግሞ ዐቃቤ ሰዓት። ይህን የመጨረሻውን ያዙት፤ ሐይቅ ስንሄድ እንፈልገዋለን። አገሩን አማራና አንጎት የሚለው በዚያው በጥንቱ ትርጉም ነው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግም። ወደ አንጎትና አማራ ሲገባ ያለውን፣ የነገሥታቱ ልጆች ስለሚታሰሩበት ተራራ የጻፈውንና ስለ መካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ክፍል አንብቡ።

ሦስተኛው «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ነው፤ ጸሐፊው ዐረብ ፈቂህ በሚለው ስም የሚታወቀው ሺሃብ አድዲን አሕመድ ቢን ዐብዱልቃዲር። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ ከኢማሙ ሰፈር ሆኖ ይተርካል። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ2003 ወጥቷል፤ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ካለ የሬኔ ባሴ የቆየ ትርጉም አለ። ጀማሪ ከዚህ መጽሐፍ የሚያገኘው ትልቅ ነገር «ወራሪው ሠራዊት» በሚል አንድ ቃል የተጠቀለለውን ወገን በየስሙ ማየቱ ነው፤ አዛዦቹን፣ ክርክራቸውን፣ ፍርሃታቸውን፣ እምነታቸውን። ጥንቃቄ የሚያሻው የሠራዊት ቁጥር ላይ ነው። የጠላትን ብዛት ማግዘፍ የድሉን ክብር ስለሚያጎላ እንዲህ ያለውን ቁጥር እንደ ቆጠራ አትውሰዱ። መጽሐፉ ደግሞ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ አይሄድም፤ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ስለሆነው የኢማሙ ሞት ከዚህ አትፈልጉ።

ስለ ስም አጠራር አንድ ቃል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ ቡና የሚጠጣ ሕዝብ ነው፤ ታሪኩን አብረው የሚያነቡ ጎረቤታሞችም ይኖራሉ። «ግራኝ» በአማርኛ መጻሕፍት የተለመደ ስም ቢሆንም «ኢማም አሕመድ» ማለት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ንባቡን ከክስ ያወጣዋል። «ፉቱሕ» የሚለው ቃል ራሱ መክፈት፣ ድል ማድረግ ማለት ነው፤ በአንድ ወገን ፉቱሕ የተባለው በሌላው ወገን ወረራ ተብሏል። ሁለቱንም ቃል የሚያውቅ አንባቢ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

አሁን መልመጃው። አልቫሬዝና ዐረብ ፈቂህ ስለ አንድ ሕንፃ ጽፈዋል፤ በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ ምድር ስለነበረው ስለ መካነ ሥላሴ። ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት፣ ልጃቸው ልብነ ድንግል የፈጸሙት ቤተ ክርስቲያን ነው። አልቫሬዝ በ1521 ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር እዚያው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1531 የኢማሙ ሠራዊት ደርሶ አቃጠለው፤ ዐረብ ፈቂህም ከመቃጠሉ በፊት የነበረውን ጻፈ። አንድ ወረቀት መሐል ለመሐል አጥፋችሁ በግራ አልቫሬዝ ስለ ግድግዳው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ጌጡ ያለውን፣ በቀኝ ዐረብ ፈቂህ ያለውን በአጭሩ ገልብጡ። ሁለቱም በበሩና በግድግዳው ላይ ስለተለበጠው የከበረ ማዕድንና ስለ ፈርጡ ይናገራሉ። ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው ኢማሙ አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች ሩም በሚባለው በቢዛንታይን ምድርም ሆነ በህንድ እንዲህ ያለ አይተው እንደሆነ ጠይቀዋል፤ እነሱም አላየንም ብለዋል። ሊያፈርሰው የመጣ ሰው ከመሠረተው ወገን ጋር በአድናቆቱ ሲገጥም ያ ነገር ሊታመን ይገባዋል። የታሪክ ሰዎች ምንጭን ከምንጭ ማመሳከር የሚሉት ይኸው ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል።

አራተኛው መጽሐፍ የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ነው፤ በ1972 በኦክስፎርድ የታተመው፣ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት የሚያጠናው የእንግሊዝኛ ሥራ። በዘርፉ ዋልታ የሆነ መጽሐፍ ነው፤ ለመጀመሪያ ንባብ ግን ከባድ ነው። የግርጌ ማስታወሻው ብዙ ነው፤ የቦታ ስሙ ካርታ ሳይዙ አይገፋም። ስለዚህ ከጀርባው ጀምሩ፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ካለው የስም ማውጫ «ሐይቅ» የሚለውን ፈልጋችሁ የተጠቀሰበትን ገጽ ብቻ ተከታትላችሁ አንብቡ። በዚህ መንገድ መጽሐፉ ለደሴ ሰው እንደተጻፈ ይሆናል። ሁለት ሦስት ዙር እንዲህ ከተነበበ በኋላ («ይፋት»፣ ከዚያም «ዘርዐ ያዕቆብ») ከፊት ጀምሮ ማንበብ ይቻላል።

ይህን ይዛችሁ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሂዱ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወልድያ መስመር ሚኒባስ ወደ ሐይቅ ከተማ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ገዳሙ በባጃጅ ወይም በእግር። በመንገድ ላይ ቦሩ ሜዳን ታልፋላችሁ፤ የ1878ቱ ጉባኤ ቦታ ነው፤ ታላቅ ቢሆንም የኛ ዘመን አይደለምና ለዛሬ እለፉት። ገዳሙ በመካከለኛው ዘመን ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም፤ ይህን አስቀድሞ ሳያውቁ በቡድን መሄድ ቀኑን ያበላሻል። ነጠላ ያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት አባቶችን አስፈቅዱ። ሰዓቱንም አስቡበት፤ በጾም ቀን ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ጠዋት መድረስ ይሻላል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቅዳሴው ጠዋት ነውና ከዚያ በኋላ ሂዱ። በቅዳሴ ሰዓት የደረሰ እንግዳ የሚያስረዳው ሰው አያገኝም።

ለምን ሐይቅ? አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 እዚህ ገብተው ትምህርት ቤት ተከሉ። በገዳሙ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖትና የዳጋ እስጢፋኖሱ ሂሩተ አምላክ ደቀ መዛሙርታቸው ናቸው። በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ ሐይቅ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተሳሰረ፤ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚለውን ማዕረግ ያዘ። አልቫሬዝ «ካቤአታ» እያለ ከንጉሡ ቀጥሎ እንደ ትልቅ ሰው የሚጠራው ባለሥልጣን ይህንኑ ማዕረግ የያዘ ነው። ከ1270 እስከ 1520 ያለውን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በአንድ ክር የምትይዙት እዚህ ላይ ነው። «ፉቱሕ»ም የኢማሙ ሠራዊት ሐይቅ ዳር መድረሱን ይተርካልና ያንን ገጽ ወደ ስልካችሁ አስገብታችሁ ውኃው ዳር ቆማችሁ አንብቡት። ደሴቱ የት ነበር? ከየት በኩል ታንኳ ይነሣል? የሚለው ጥያቄ በዓይን ይመለሳል።

የገዳሙ ትልቁ ሀብት የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ነው። በ1280–81 የተጻፈ አራቱ ወንጌል ሲሆን የጻድቁ ሥዕል አለበት፤ በባዶ ገጾቹ ደግሞ የገዳሙን ንብረትና መጻሕፍት የሚመለከቱ ማስታወሻዎች ተጽፈዋል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይወጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ብራና በተከፈተ ቁጥር ይጎዳልና አለማውጣታቸው ትክክል ነው። ሴት አንባቢዎችም ሆኑ ያላዩት ሁሉ በሌላ መንገድ ሊያዩት ይችላሉ፤ በኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ተቀድቶ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። በሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት የብራና ገጽ ላይ በነጻ ተመዝግባችሁ ይህን ቁጥር ፈልጉ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙን አታገኙትም፤ ጽሑፉን ግን ታገኛላችሁ።

ዕቃ ቤት ስትገቡ ለእያንዳንዱ ዕቃ ጥያቄያችሁ ሁለት ይሁን። «አባቴ፣ ይህ በማን ዘመን ተሰጠ?» ቀጥሎም «ጽሑፍ አለበት ወይስ ከአባቶች የተወረሰ ነገር ነው?» ሁለተኛው ጥያቄ በአክብሮት ከቀረበ ማንንም አያስቀይምም፤ የገዳም አባቶች የትውፊትንና የጽሑፍን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቃሉ። መልሱን በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ «ጽ» ወይም «ት» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት።

ይህ ምልክት የሚጠቅመው ገድል ስታነቡ ነው። ጀማሪዎች በገድል ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ፤ አንዳንዱ እንደ ዜና መዋዕል ቃል በቃል ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ተአምር አየሁበት ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ያከስራል። የይኩኖ አምላክን መንገሥ ውሰዱ። የሐይቅ ወገን ክብሩን ለኢየሱስ ሞዐ ይሰጣል፤ የደብረ ሊባኖስ ወገን ለተክለ ሃይማኖት። ገድሎቹ የተጻፉት ጻድቃኑ ካረፉ ብዙ ቆይቶ ነው። «የትኛው እውነት ነው?» ብቻ ብሎ የጠየቀ ሰው ይቆማል። «ይህ ገድል በተጻፈበት ዘመን ሁለቱ ገዳማት ስለምን ይከራከሩ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን ስለ መሬት፣ ስለ ማዕረግና ስለ ቤተ መንግሥት ቅርበት ብዙ ያገኛል። ታደሰ ታምራት ይህን ጉዳይ በጥሩ ሁኔታ ስለሚሄዱበት ከሐይቅ መልስ ያንን ክፍል አንብቡ።

ግሸን ማርያምስ? መሄድ ያለበት ቦታ ነው፤ ግን ለሁለተኛ ዙር። አምባው የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ነበር፤ ኢማም አሕመድ ሞክረው ሳይሆንላቸው ቆይቶ በ1540 በሠራዊታቸው እጅ ገባ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ግማደ መስቀሉን ያስቀመጡበት እንደሆነ የግሸኑ መጽሐፈ ጤፉት ይናገራል። መስከረም 21 ለበረከት የሚሄድ ይሂድ፤ ለመማር ግን ያ ቀን አይሆንም። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ የአምባውን አፋፍና መግቢያውን ረጋ ብሎ ለማየት የሚቻለው በሌላ ቀን ነው።

የኮምቦልቻ አንባቢ ደግሞ ሌላ በር አለው፤ ይፋት። በ1285 ዑመር ወላስማ የሸዋን ሱልጣኔት ይዞ ያጸናው መንግሥት ነው። በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከይፋቱ ሱልጣን ከሰብረዲን ጋር ያደረገው ጦርነት በግእዝ ዜና መዋዕል ተጽፏል፤ በቆዩ መጻሕፍት 1329 ብታዩ ስለ አንድ ጦርነት ነው የሚያወሩት፤ ተጋድሎው ሁለት ጊዜ አልሆነም። የኋለኛው የይፋት ሱልጣን የሰዕደዲን ሞትም እንዲሁ በአንዱ መጽሐፍ 1403 በሌላው 1415 ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም አንዱን ሰርዞ ሌላውን መያዝ አያስፈልግም፤ ሁለቱንም ጽፋችሁ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። ካይሮ ሆኖ የጻፈው አል ዑመሪ ሰባት የሙስሊም መንግሥታትን ይዘረዝራል፤ ራሱ አገሩን አላየም፤ ከዚህ የሄዱ ሰዎች ነግረውት ነው። በሸዋ ሮቢት በኩል ባለው ተረተር ላይ «ኖራ» እንደተባለው ቦታ ያሉ የይፋት ዘመን የመስጊድና የከተማ ፍርስራሾች ተገኝተዋል፤ አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ሳይያዝ ግን አይኬድባቸውም። «ጌታ»ና «ጀማ ንጉሥ» የተባሉትን የእስልምና ቦታዎች ከዚህ ዘመን ጋር አትቀላቅሉ፤ የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዘመን የዕውቀት ማዕከላት ናቸውና የራሳቸው ትልቅ ታሪክ አላቸው።

የሚቀረው አንድ ወረቀት ነው፤ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ርካሹና ምናልባትም ጠቃሚው። ሁለት ኤ4 ወረቀት በቁመታቸው ጫፍ ለጫፍ አጣብቁ፤ ወደ 59 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከ1200 እስከ 1600 ያለውን 40 ሴንቲ ሜትር መስመር አስምሩበት፤ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዓመት ይሆናል። በአግድም አራት ረድፍ ይኑረው፤ ቤተ መንግሥት፣ ገዳማት፣ ሱልጣኔቶች፣ የውጭው ዓለም። በመጀመሪያው ሳምንት ከእያንዳንዱ ወገን አራት ሰው ብቻ አስገቡ። ከነገሥታቱ ይኩኖ አምላክን (1270–1285)፣ ዐምደ ጽዮንን (1314–1344)፣ ዘርዐ ያዕቆብንና ልብነ ድንግልን፤ ከሱልጣኔቶቹ ዑመር ወላስማን፣ ሰብረዲንን፣ ሰዕደዲንንና ኢማም አሕመድን። በውጭው ረድፍ የባግዳድን መውደቅ (1258)፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት ከኢየሩሳሌም ሄደው የተገኙበትን የፍሎረንስ ጉባኤ (1441)፣ የቁስጥንጥንያን መያዝ (1453)፣ ኦቶማኖች ግብፅን የያዙበትን (1517)። ይህ የመጨረሻው ዓመት ከሽምብራ ቁሬ በ12 ሚሊ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ጠመንጃና መድፍ በቀይ ባሕር በኩል ወደዚህ ጦርነት እንዴት እንደገባ ወረቀቱ ራሱ ያሳያችኋል። በእርሳስ ጻፉ፤ መደምሰስ ይኖራልና። ግድግዳ ላይ ስትለጥፉት ግራውን ጠርዝ ክፍት ተዉት፤ ዛጔን ለማንበብ ስትደርሱ ሦስተኛው ወረቀት የሚቀጠለው በዚያ በኩል ነው።